የቦኖ ሰፈር ዳኛ

እማማ፣

ለልጆቼም ለእህቴም ያልነገርኩትን ለእርስዎ ልንገርዎ። ማክሰኞ ማክሰኞ ኮምቦልቻ የምወርደው ለዓይኔ ሕክምና አይደለም። ዓይኔ ደህና ነው፤ መነጽሬን ካጠለቅሁ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሰው አልጠራም። ሂሻም ግን ማታ ከሥራ ሲመለስ "ሐኪሙ ምን አለሽ?" ይለኛል፤ እኔም "እየተሻለሽ ነው አለኝ" እለዋለሁ። የገዛ ልጄን በዚህ ዕድሜዬ ስዋሽ ምላሴ አለመደናቀፉ ይገርመኛል።

አጃኢብ ነው፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ወሬ ጀመርኩ። ይቅር ይበሉኝ። አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረሙልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የሐርቡ ሙቀት ተስማምቶታል ወይስ አሁንም ሲነሱ ግድግዳ ይይዛሉ? ዓይንዎስ፣ የሰውን ጥላ ይለያል? የልጅዎ የመዲና ዘይቱና አፈራ ወይ? የልጅ ልጅዎ ዊዳድስ ለትምህርቷ በረታች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴም እንደሚያውቋት ናት፤ ጦሳ ጠዋት ጉሙን ይከናነባል፣ እስኪረፋፍድም አይገልጠውም። ያጠብነው ልብስ ገመድ ላይ ውሎ አድሮ እርጥብ እንደሆነ እናነሳዋለን።

መደወል ትችይ አልነበር ወይ ይሉኝ ይሆናል። እችል ነበር። ነገር ግን ጆሮዎ ስልክ ስለማይወድ መዲና ድምፁን ታጎላዋለች፤ እኔ እጮሃለሁ፣ እርስዎ "ማን ሞተ?" ይላሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። የዛሬው ወሬ ጩኸት አይችልም። ስለዚህ እርስዎ ባስተማሩኝ ጽሕፈት ልጻፍልዎ። እርስዎ ፊደል አይለዩም፣ ግን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሂሻም አንደኛ ክፍል ሲገባ፣ ቦኖው ጥግ አስቀምጠውት ሲያጠና "ልጁ ይማር፤ አንችም ከጎኑ ሆነሽ ስረቂ" አሉኝ። ሰረቅሁ። እሱ ሁለተኛ ክፍል ሲያልፍ እኔ ጋዜጣ አነብ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ከረመዳን በፊት ነው። ያን ቀን እውነትም ለዓይኔ ነበር የምወርደው፤ የመነጽሬ እግር ተሰብሮ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሸዋ በርን አልፈን ስንወርድ፣ ከመጨረሻው ወንበር አንድ ሰው በትልቅ ድምፅ "ጥዱ ሥር ወራጅ አለ!" አለ። ሾፌሩ ጮርቃ ልጅ ነው፤ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ዞር ዞር ብሎ አየ፤ ጥድ የለም፣ ያለው ሕንፃ ነው።

"አባት፣ የቱ ጥድ?"

"ተቆርጧል።"

"ታዲያ ምን ሊያደርጉ ይወርዳሉ?"

"እኔ መች እወርዳለሁ አልኩ? ወራጅ ካለ ብዬ ጠየቅሁ እንጂ!"

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ሰውዬውም ሳቁን ሲያይ ባሰበት። ትንሽ ሄደን "ቀይ በር!" አለ። ቀይ በር ከፈረሰ ስንት ዘመኑ! ደግሞ ትንሽ ሄደን "ሚዛን! ሚዛን የሚወርድ ዕቃውን ያዘጋጅ!" አለ። አንዷ ተማሪ "እኚህ ሰውዬ የት ከተማ ነው ያሉት?" ስትል ጓደኛዋ "የድሮው ደሴ ውስጥ" አለቻት። ከሚዛን በኋላ ግን ሰውዬው ዝም አለ። ቀጣዩ ጠፋው። እኔ ደግሞ፣ ያውቁኛል፣ ሰው መሃል ቃል የማይወጣኝ፣ ልቤ ሳያማክረኝ አፌ "ሰማያዊው ሻይ ቤት" አለ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሻሼን ወደ ግንባሬ ጎተትኩ።

"ማናት እሷ?" አለ ከኋላ። "የሰማያዊውን ሻይ ቤት የምታውቅ ማናት? ወላሂ ሳላያት አልወርድም!"

ያን ጊዜ ድምፁን ለየሁት። እማማ፣ በሺር ነው። የካሊድ ረዳት። ጺሙ ጥጥ መስሏል፣ ድምፁ ግን ያኔ ጣሪያ ላይ ሻንጣ ሲያስር እንደነበረው ነው። ልጅዎ ካሊድ፣ አላህ ጀነት ያግባውና፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ያንን አሮጌ አውቶብስ ሲነዳ አንድም ቃል አይተነፍስም ነበር፤ በሺር ደግሞ አንድም ጊዜ አያርፍም። "አንዱ በመሪው አንዱ በምላሱ ይነዱታል" ይሉ የነበረው እርስዎ ነዎት። ካሊድ አውቶብሱን ትቶ ወደ ጭነት መኪና ሲገባ በሺር ወደ ባቲ መስመር ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ ያየሁት ካሊድን ስንቀብር ቃሬዛውን ተሸክሞ ነበር። አሁን ሚስቱም ሞታበት፣ ሴቶች ልጆቹም አግብተው፣ ኮምቦልቻ ከእህቱ አጠገብ ብስክሌት ይጠግናል።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራባችንን አወለቅን፤ ደሴ ብርድ፣ ኮምቦልቻ ወበቅ፣ ይኼ እንኳ አልተለወጠም። "መነጽርሽን እኔ አሠራልሻለሁ" አለኝ። በብስክሌት ሽቦ ጠምዝዞ ሠራልኝ። አስቀያሚ ነው፣ ግን ጠንካራ ነው፤ ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው በእሱ ነው።

ከዚያ ማክሰኞ ማክሰኞ ሆነ። ምን ትሠራላችሁ ይሉኝ እንደሆነ፣ የጠፋ እንፈልጋለን። ኮምቦልቻ ውስጥ የጋሪ ተራው የት እንደነበረ፣ ፈረሶቹ ውሃ የሚጠጡበት ገንዳ የት እንደነበረ። ዛሬ ቦታው ላይ ባጃጅ ተሰልፏል። በሺር አንዱን የባጃጅ ልጅ "አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ቦራ የምትባል ፈረስ ነበረች፤ ካንተ የተሻለ መንገድ ታውቃለች" ቢለው፣ ልጁ "እሷማ ቤንዚን አትጠይቅ!" ብሎ መለሰለት። እንዲህ እየተባባልን እንውላለን። ከእህቱ ጋር ምሳ እንበላለን፣ አሥር ሰዓት ሳይሞላ እኔ ወደ ደሴ እወጣለሁ። የሐረጎን አቀበት ስወጣ እማማ፣ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ብቻዬን እስቃለሁ። እንዲህ መሳቅ የረሳሁ መስሎኝ ነበር።

ያቺን የጀሪካን ጉዞ ያስታውሷታል? የቦኖው ሴቶች "የኮምቦልቻ ውሃ ይሻላል" እያሉ ሲያሰለችዎ፣ "ቀምሰው ይፍረዱ" ብለው ኮምቦልቻ ወርደው አንድ ጀሪካን ውሃ ጭነው ሲመለሱ፣ አውቶብሱ ሐረጎ ወገብ ላይ ፈልቶ ቆመ። ጉሙ እጅ ያስይዛል። ካሊድ ወርዶ "እማ፣ ያቺን ውሃ" ሲል እርስዎ ጀሪካንዎን አቅፈው "ድንጋይህ የታለ?" አሉት። ለገዛ ልጅዎ! በሺር ሮጦ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አንስቶ እግርዎ ሥር አስቀመጠ፤ "ይኸው እማማ፣ ተራችን ነው" አለ። ያኔ ቀዱለት። ተሳፋሪው ሁሉ ጉም ውስጥ ሆኖ ሲስቅ ተራራው የሚስቅ ነበር የሚመስለው።

ለዊዳድና ለመሰሎቿ የድንጋዩን ነገር ማን ይነግራቸዋል? ሰፈራችን ውሃ የሚቀዳው ከአንዱ ቦኖ ነበር፤ ቁልፉ ደግሞ እርስዎ ወገብ ላይ። ሰው ቆሞ ተራ አይጠብቅም፤ ድንጋዩን አሰልፎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እርስዎ የሁሉንም ድንጋይ በባለቤቱ ይለዩት ነበር። "ይኼ የወርቅነሽ ነው፤ እንደ ባለቤቱ አንድ ቦታ አይረጋም።" ሕግዎም ይህ ነበር፤ ተራው ሲደርስ ባለቤቱ ከጎኑ ያልቆመ ድንጋይ ወደ መጨረሻ ይመለሳል። ሼኹም፣ ቄሱም፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም ከዚያ ሕግ አላመለጡም። ወርቅነሽ አንድ ቀን ሁለት ድንጋይ አስቀምጣ "አንዱ የሟቹ ባሌ ነው" ስትል "ሟች ውሃ አይጠማውም፤ ከጠማውም እዚያ ወንዝ አለለት" ብለው በእግርዎ ገፉት። ወርቅነሽ አኩርፋ ሄደች፤ ማታ ደግሞ ለፋሲካ የሚታረደውን በግ በተመለከተ ልታማክርዎ መጣች። ለእኛ ለብቻ የምታሳርደው ዶሮ፣ ለብቻ የሚሆነው ድስት፣ ሁሉም በእርስዎ ምክር ነበር።

አሁን ጠቡ የተነሳው በዚህ ቦኖ ነው። በሺር ቦኖው የነበረው ዛሬ መድኃኒት ቤቱ ባለበት በኩል ነው ይላል። እኔ ማዶ፣ የሕንፃው ደረጃ የሚጀምርበት ነው እላለሁ። ኮምቦልቻ ተቀምጠን አልበርድ ሲለን፣ ባለፈው ወር እሱ ራሱ ደሴ ወጣና ቦታው ላይ ቆመን ተከራከርን። እሱ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ። መሬት መሬት እያየን ስንዞር የሕንፃው ጥበቃ መጣ።

"ምን ጠፍቷችሁ ነው?"

"ቦኖ" አለ በሺር።

"መቼ ነው የጠፋው?"

"መንገዱ ሲሰፋ።"

"ታዲያ እስካሁን ምን ትሠሩ ነበር?"

"ስናለቅስ ነበር፤ ገና አሁን ጨረስን" አለው። ጥበቃው ዱላውን ጥሎ ሳቀ። ከዚያ ሦስታችንም ስንፈልግ ዋልን።

አልሆን ሲል ወርቅነሽን አመጣናት። ልጇ ቤት ናት፣ ከእኛ ብሎክ ብዙም አይርቅም፤ ምርኩዝ ይዛለች፣ ምላሷ ግን ምርኩዝ አያሻውም። መጣች፣ አየች፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አላለች፤ ቀጥ ብላ አስፋልቱ መሃል ገባች። "እዚህ ነው!" አለች ምርኩዟን አስፋልቱ ላይ እየመታች። "ውሃ ስቀዳ እግሬ የተሰበረው እዚህ ነው፣ እግሬ ይዋሻል?" ባጃጁ ጡሩምባውን ሲያንጫርርባት "ቆይ! ተራህን ጠብቅ!" ብላ ጮኸችበት። በሺር እጇን ይዞ አወጣት። ዳር ስንደርስ እሱንም እኔንም አፈራርቃ አየችና "ለመሆኑ የጠፋባችሁ ቦኖ ነው ወይስ ውሃ አጣጭ?" አለች።

እማማ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ክርክራችሁን ለዳኛዋ ውሰዱ" አለች ወርቅነሽ። "ሐርቡ ናት። ያለ እሷ ይኼ ሰፈር የቆመበትን አያውቅም።" በሺር ባጃጅ ሊጠራ ሲሄድ ደግሞ ጠጋ ብላ "ለመሆኑ ለምን ላክሻት?" አለችኝ።

"ደረጃው ነው" አልኳት።

"አዎ፣ ደረጃው" አለች፤ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።

በሚቀጥለው ማክሰኞ በሺር ቦርከና ድልድይ አጠገብ ፓፓያ ገዝቶ ተቀመጥን። እህቱም አለች፤ ግን ውሃ ላምጣ ብላ ሄዳ አልመለስ አለች፤ ኋላ ሳስበው ተመካክረዋል። በሺር ፓፓያውን ቆራርጦ ጨርሶ፣ ፍሬውን ጠርጎ ጨርሶ፣ ቢላዋውን ጠርጎ ጨርሶ፣ ከዚያ ከኪሱ አንድ ድንጋይ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ለስላሳ፣ ከወንዝ የወጣ።

"ድንጋዬን አሰልፌያለሁ" አለ። "ባለቤቱም ከጎኑ ቆሟል። የእማማን ሕግ አልጣስኩም።"

ዝም አልኩ። ዝምታዬን ያውቁታል።

"ዝም ብትይም ግድ የለም" አለ። "ካሊድ ዝምታሽን ተርጉሞልኛል። 'በሺር፣ ሚስቴ እሺ ስትል ሻሿን ታስተካክላለች፣ እምቢ ስትል ተነስታ እጇን ትታጠባለች' ይለኝ ነበር።"

ከዚህ ወዲያ እጄን የት ላድርገው? ሻሼ ተንሸራቷል፣ ጣቶቼም በፓፓያ ተጨማልቀዋል። ሁለቱንም እጆቼን ጠረጴዛው ሥር ደበቅኋቸው። እሱ ሲያየኝ፣ እኔም ሳየው፣ ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን፤ የፓፓያው ሻጭ "ምን ተገኘ?" ብሎ እስኪመጣ ድረስ። በሺር እንባውን ጠርጎ "ወንድሞችሽ ጋ ሽማግሌ ልላክ?" አለኝ። "የእኔን ነገር የምትፈርደው ሐርቡ ናት" አልኩት። "መልሱን ከዚያ ትሰማለህ።"

እንግዲህ እማማ፣ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ደስ ብሎኝ ነው። አሁን የምጽፈውን ደግሞ ልጽፈው ስል ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሻይ አፈላሁ።

ሰፈሩ ሲፈርስ፣ በሮቻችን ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ፣ ለእኔ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰኝ። "እናቴ በዚያ ጉልበቷ ደረጃ አትወጣም" ብዬ ለሁሉም ተናገርኩ፤ መዲናም አምና፣ እርስዎም አምነው፣ ዕቃዎ አይሱዙ ላይ ተጫነ። በላቸው ግን፣ ያ ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን፣ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት መጥቶ "እኔ ምድር ቤት ደርሶኛል፤ የመንገዱ ጫጫታ አልተስማማኝም፣ ላንቺም ለእማማም ይሆናል፣ እንቀያየር" ብሎኝ ነበር። እምቢ አልኩት። ለማንም እንዳይነግርም ለመንኩት። እሱም አላህ ይስጠው አልተናገረም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ምስጢሬን ይዞልኝ ሞተ።

ለምን እምቢ አልሽ ይሉኝ ይሆናል። ካሊድ ከሞተ ጀምሮ እርስዎ ማታ ማታ እሱ ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። ልጅዎ ነው፣ ሊያለቅሱ ይገባል። እኔ ግን ማልቀስ አልቻልኩም ነበር። እርስዎን ስሰማ እኔ እንዳልወደድኩት፣ እንዳላዘንኩለት ሆኖ ይሰማኝ ነበር። ጸጥ ያለ ቤት ፈለግሁ። በሬን ዘግቼ መጽሐፌን ልገልጥ ፈለግሁ። ይኼው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

አይሱዙው ሊነሳ ሲል ጋቢና ውስጥ ሆነው መስኮቱን ዝቅ አደረጉና "ልጄ፣ እዚሁ ብቀር ይሻል ይሆን?" አሉኝ። ሰማሁዎ እማማ። ገመዱን እያጠበቅሁ ነበር፤ ጠብቆ አልቆ ነበር ገመዱ፣ እንዳልሰማ ሆኜ እንደገና አጠበቅሁት። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። በሩን በእጄ ዘጋሁት፤ "ደህና ይግቡ" አልኩዎ፤ እርስዎ ደግሞ መረቁኝ። በመዲና አፍ የሚመጣው ሰላምታዎ ሁሉ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ወቀሳ ኖሮበት አያውቅም። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

ጸጥ ያለውን ቤት አገኘሁት። መጽሐፉንም ገለጥኩ። ደህና አነበብኩ፣ አልዋሽም፣ ብዙ ሸጋ ሸጋ ነገር አነበብኩ። ግን አንድ የሚያስቅ ነገር ሳገኝ ቀና ብዬ የማነብለት ሰው አጣሁ።

ስለዚህ የምጠይቅዎ የቦኖውን ቦታ ብቻ አይደለም። በሺር ቤት አንድ ክፍል አለ። ምድር ላይ ነው። ደጁ ከመንገዱ ጋር ይገናኛል፤ በሩ ላይ ቢቀመጡ ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ሰላም ሳይልዎ አያልፍም፤ ድምፁን ሰምተው የማን ልጅ እንደሆነ ይለዩታል። ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል፣ ከሰዓት በኋላ ከቦርከና በኩል ነፋስ አለው፤ ሙቀቱ እንደ ሐርቡ አያቃጥልም። ደፉ ከፍ ያለ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት እህቱ ባለችበት "ይኼ ደፍ ሰው ይጥላል" አልኩ፣ ሌላ ምንም አላልኩም። በቀጣዩ ማክሰኞ ስወርድ በመሮ ጠርቦ ከወለሉ ጋር እኩል አድርጎታል። ለማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። መስኮቱን በስንዝር ለክቼዋለሁ፤ መጋረጃውን ከሰኞ ገበያ አረንጓዴ ገዝቼ እየሰፋሁ ነው።

እርስዎ በሌሉበት ቤት ሙሽራ ሆኜ አልገባም። ይህን የምለው ላስገድድዎ አይደለም። መዲና ልጅዎ ናት፣ ሐርቡም ለምደዋል፤ "አልመጣም፣ ዕድሜዬ እዚሁ ይለቅ" ቢሉኝ እረዳለሁ፤ እኔም ሦስተኛ ፎቄ ላይ እኖራለሁ፣ ማክሰኞም ማክሰኞ ሆኖ ይቀጥላል። "አንች የላክሽኝ ልጅ አሁን ምን ቆርጦሽ ትጠሪኛለሽ" ቢሉኝም እውነትዎ ነው። "በልጄ ወንበር ሌላ ሰው አላይም" ቢሉም እውነትዎ ነው። እኔ የምለምነው ያን ቀን ያልመለስኩልዎን መልስ አሁን እንዲቀበሉኝ ነው። አዎ እማማ፣ ቢቀሩ ይሻል ነበር። ከእኔ ጋር ቢቀሩ ይሻል ነበር።

ሂሻምን አልነገርኩትም ብያለሁ፤ እርስዎ ከፈረዱ በኋላ እነግረዋለሁ። "ዓይኔ ዳነ" ብዬ የምጀምር ይመስለኛል።

ለወርቅነሽ ሰላምታዎን አድርሻለሁ፤ እሷም "ንገሪያት፣ እግሬ አይዋሽም" ብላለች። መዲናን ይሳሙልኝ። ዊዳድ ፈተና ላይ ስለሆነች ይህን እንድታነብልዎ አላስቸግራትም፤ ደግሞም ለልጅ አፍ የሚሆን ነገር አይደለም። ሌላ አንባቢ ልኬልዎታለሁ። ድምፁን ያውቁታል። ወረቀቱን አሽጌ ስለሰጠሁት ውስጡ የቦኖው ክርክርና የእሱ ጥያቄ ብቻ ያለ ነው የሚመስለው፤ ምን እንዳለበት የሚያውቀው ከእርስዎ እኩል ነው፣ ቃል በቃል፣ አብሮ እየሰማ። ያደረግሁትን ሳያውቅ ማንም ስለ እኔ እንዲወስን አልፈልግም፤ እሱም ቢሆን። የአይሱዙውን ነገር ሲያነብ ድምፁ ከተቆራረጠ ይታገሱት። ስለ መጋረጃው ሲያነብ ካቆመ ደግሞ ውሃ ይስጡት። ጨርሶ ዝም ካለ ግን እጁን ይያዙት፤ ዝም ሲል አይተውት ስለማያውቁ የታመመ እንዳይመስልዎ።

ፍርድዎን ለእሱ ይንገሩት። የፈረዱትን ሁሉ እቀበላለሁ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጉልበትዎን ያጽናው፣ የዓይንዎን ብርሃን የቀረችውን ያህል ይጠብቅልዎ። ምርቃትዎ ከእኔም ከልጆቼም አይለይ። እኔንም ጥፋቴን ካየ በኋላ ፊቱን የማያዞርብኝ ሰው መሃል ያኑረኝ። አሚን።

የካሊድ ሚስት፣
የእርስዎ ልጅ

ለእማማ፣ ሐርቡ። ይዞ የሚመጣውና ጮክ ብሎ የሚያነብልዎ በሺር ነው።